ካንየንላንድስ፣ ሰው በማይበዛበት በኩል፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ካንየንላንድስ ብሔራዊ ፓርክ ጥያቄ ካላችሁ ላኩልኝ ብዬ ነበር። ብዙ መጣ። አብዛኛው ግን የሚያጠነጥነው ቱሪስት በማይደርስበት በምዕራቡ ክፍል ላይ ነው። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥ፦ ፓርኩ በትክክል የት ነው? ሁለት ቀን ቢኖረን ሁሉንም እናዳርሳለን?

መ፦ አሜሪካ ውስጥ፣ በዩታ ግዛት ደቡብ ምሥራቅ ነው። ፓርክ የሆነው በ1964 እ.ኤ.አ. ነው። ግሪን እና ኮሎራዶ የተባሉት ወንዞች መሐሉ ላይ ይገናኛሉ። ሸለቋቸው መሬቱን ለሦስት ይከፍለዋል። በሰሜን አይላንድ ኢን ዘ ስካይ አለ፤ ዙሪያውን ገደል የሆነ አምባ ነው። በደቡብ ምሥራቅ ኒድልስ፣ በምዕራብ ደግሞ ሜዝ።

ዋናው ነገር ይሄ ነው፤ ፓርኩ ውስጥ ወንዞቹን የሚያሻግር ድልድይ የለም። ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ለመሄድ ወጥቶ፣ ዞሮ፣ እንደገና መግባት ነው። ከ2 እስከ 6 ሰዓት ያስነዳል። ካርታው ላይ ጎረቤት ስለሚመስሉ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሸወዳል። «ጠዋት ኒድልስ፣ ከሰዓት ሜዝ» የሚል ዕቅድ ካላችሁ አሁኑኑ ሰርዙት። ለሁለት ቀን አንድ ክፍል ይበቃል።

ጥ፦ ፓርኩ አቅራቢያ ያለችው ሞአብ ከተማ ነው የምናርፈው። ለሜዝ የሚተርፈን አንድ ቀን ብቻ ነው። ይሆናል?

መ፦ አይሆንም። ሜዝ የሚሄድ ሰው ቢያንስ 3 ቀን ይዞ ነው የሚነሳው። ለአንድ ቀን ሆርስሹ ካንየን ሂዱ። በ1971 ወደ ፓርኩ የተጨመረ፣ ከዋናው መሬት ተነጥሎ የሚገኝ ሸለቆ ነው። ከሞአብ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ይርቃል። ከሀይዌይ 24 ከተገነጠላችሁ በኋላ 30 ማይል ያህል የአፈር መንገድ ነው። ደረቅ ከሆነ በተራ መኪናም ይኬዳል። ዝናብ ከጣለ አትሞክሩት።

የእግር መንገዱ ደርሶ መልስ 7 ማይል ነው። መጨረሻው ላይ ግሬት ጋለሪ የሚባለው የድንጋይ ላይ ሥዕል አለ። ሰው የሚያክሉ፣ አንዳንዶቹም ከሰው የሚበልጡ፣ አብዛኞቹ እጅና እግር የሌላቸው ምስሎች በቀይ ቀለም ግድግዳው ላይ ተደርድረዋል። አድነውና ለቅመው የሚኖሩ ጥንታዊ ሰዎች የሳሏቸው ናቸው። ዕድሜያቸው ላይ ተመራማሪዎች እስካሁን ይከራከራሉ። እኔን ብትጠይቁኝ ፓርኩ ውስጥ ካለው ሁሉ አንደኛ ነው። በእጃችሁ እንዳትነኩት ብቻ፤ የእጅ ወዝ ያበላሸዋል።

ጠዋት ስትጀምሩ ወደ 780 ጫማ ቁልቁል ትወርዳላችሁ፤ ደስ ይላል። ስትመለሱ ግን ያው ቁልቁለት ዳገት ይሆናል፣ ያውም አሸዋ እየረገጣችሁ፣ ፀሐይ አናታችሁ ላይ ሆና። ከያዛችሁት ውሃ ግማሹን ለዚያ አስቀምጡ።

ጥ፦ ኦል ዊል ድራይቭ ያለው መኪና አለኝ፣ ጎማውም አዲስ ነው። ሜዝ ይገባልኛል?

መ፦ ሃንስ ፍላት ሬንጀር (የፓርክ ጠባቂ) ጣቢያ ድረስ፣ መንገዱ ደረቅ ከሆነ አዎ። እሱ ራሱ ከአስፋልቱ 46 ማይል የአፈር መንገድ ነው። ከዚያ ወዲያ ግን አይሆንም ወንድሜ። ከፍ ያለና «ሎው» ማርሽ ያለው እውነተኛ ፎር ባይ ፎር ይፈልጋል። ፍሊንት ትሬይል የሚባለው ጥምዝምዝ ቁልቁለት ሲረጥብ ወይም በረዶ ሲይዝ ለማንም አይሆንም። ከጣቢያው ተነስቶ ሸለቆዎቹ ጋ ለመድረስ ራሱ ከ3 እስከ 6 ሰዓት ይፈጃል።

ያዋጣኛል የምትል ከሆነ ደህና ስኮርታ፣ ክሪክ፣ የጎማ ፓምፕ፣ አካፋና ትርፍ ነዳጅ ያዝ። ታንክህን ግሪን ሪቨር ወይም ሃንክስቪል ከተማ ላይ ሙላ፤ ከዚያ በኋላ ማደያ የለም። መኪናው እዚያ ቢበላሽ ማስጎተቻው ብቻ ከሺህ ዶላር በላይ ነው። የኪራይ መኪና ከሆነ ውሉን አንብብ፤ አብዛኞቹ ከአስፋልት መውጣትን ይከለክላሉ።

ጥ፦ እንደዚህ ዓይነት መኪና የለኝም፤ ቢኖረኝም ገደል ላይ መንዳት እፈራለሁ። ሜዝን ሳላይ ልቅር?

መ፦ እንደውም ላንቺ የተሻለ መንገድ አለ። ከሞአብ በፈጣን ጀልባ ኮሎራዶን ተከትለሽ ስፓኒሽ ቦተም የሚባል ቦታ ትወርጃለሽ። ከዚያ በእግር አንድ ማይል ተኩል ያህል ሽቅብ ነው። ከፍታው 1,200 ጫማ ይሻገራል፣ ጉልበት ይፈትናል። ላይ ስትደርሺ ዶል ሃውስ ነው፤ የቆሙ ዓምዶች የሚመስሉ ቀይና ነጭ ቋጥኞች። እዚያ ድንኳን ተክለሽ ሁለት ሌሊት ብታድሪ ሜዝን በደንብ ቀምሰሻል። በፎር ባይ ፎር ሲንገጫገጩ ከሚደርሱት ይልቅ አንቺ ትዝናኛለሽ።

ጀልባውን አስቀድመሽ ያዢ፤ የሚመለስበትን ቀንና ሰዓት ደግሞ በጽሑፍ ተቀበይ። እሱ ካመለጠሽ ሌላ መውጫ የለሽም። ታንኳ የምትቀዝፉ ሰዎችም በግሪን ወንዝ ቀስ ብላችሁ እዚያው መውረድ ትችላላችሁ፤ ውሃው ጸጥ ያለ ነው። ከስፓኒሽ ቦተም በታች ግን ውሃው የሚናወጥበት ካታራክት ካንየን ይጀምራል። ያ ሌላ ጨዋታ ነው፤ ፍቃዱም ለብቻው ነው። ወንዞቹን ያሰሰው ጆን ዌስሊ ፓወል በ1869 በዚያ ሲያልፍ ጀልባዎቹን አስቸጋሪ ቦታዎች ላይ በገመድ እየያዘ ነበር የሚያወርደው።

ጥ፦ ውሃስ? ምግብስ? በሶ ይዘን ብንሄድ?

መ፦ ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር፣ ሲሞቅ ከዚያም በላይ። ሃንስ ፍላት ላይ ውሃ አይገኝም፣ ስለዚህ ከከተማ በጀሪካን ጭናችሁ ነው የምትሄዱት። በሸለቆዎቹ ውስጥ ምንጮች አሉ፤ ግን ይደርቃሉ። የትኛው እንዳለ ሬንጀሩን ጠይቁ፣ አጣርታችሁም ጠጡ። በሶ ጥሩ ነው፣ እሳት አይፈልግም። የሚበጠበጥበትን ውሃ ግን ከ4 ሊትሩ ላይ አትቀንሱ።

ጥ፦ መቼ እንሂድ?

መ፦ ኤፕሪልና ሜይ፣ ወይም ከሴፕቴምበር አጋማሽ እስከ ኦክቶበር። ጁላይ ላይ ከ38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር ደግሞ ደራሽ ጎርፍ አለ። በላያችሁ ሰማዩ ጠርቶ፣ ሩቅ ቦታ የጣለው ዝናብ ሸለቆውን ሞልቶ ሊመጣ ይችላል። ደረቅ የወንዝ አልጋ ላይ ድንኳን መትከል የለም።

ጥ፦ ፍቃድና ክፍያው እንዴት ነው?

መ፦ በአይላንድ ኢን ዘ ስካይና በኒድልስ በር ለአንድ መኪና 30 ዶላር ነው፣ ለ7 ቀን ይሠራል። ከመኪና መንገድ ርቆ ለሚያድር ሰው የማደሪያ ፍቃድ ግዴታ ነው። ሪክሪኤሽን ዶት ገቭ (recreation.gov) የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ይያዛል። ከማርች እስከ ጁን መጀመሪያ ላለው ወቅት የሚከፈተው በኖቬምበር ነው። ኒድልስ ቶሎ ያልቃል፤ ሜዝ ላይ ግፊያው ይቀንሳል።

ጥ፦ ድሮን? ውሻዬ? የእንጨት እሳት?

መ፦ ድሮን ክልክል ነው። ውሻ በእግር መንገዶቹም ሆነ በአፈር መንገዶቹ አይፈቀድም፣ መኪና ውስጥ ቢቀመጥም። ሜዝ ውስጥ በእንጨት እሳት ፋንታ የጋዝ ምድጃ ያዙ። ሌላም ልጨምር፦ ጥቁር፣ ሸካራ ቅርፊት የመሰለ አፈር ካያችሁ አትርገጡት። ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ አፈሩን ይዞ የሚያቆየውም እሱ ነው። ቋጥኝ ወይም የተረገጠ መንገድ ላይ ተራመዱ።

ጥ፦ ብቻዬን መሄድ እፈልጋለሁ። እብደት ነው?

መ፦ አይደለም፤ ሳትናገር መሄድ ነው እብደቱ። አሮን ራልስተን የሚባል ተጓዥ በ2003 ብሉጆን ካንየን ውስጥ፣ ከሆርስሹ ካንየን አጠገብ ማለት ነው፣ እጁ በቋጥኝ ተይዞ አምስት ቀን ቆየ። የት እንደሄደ ለማንም አልተናገረም ነበር። በመጨረሻ ክንዱን ቆርጦ ነው የወጣው። አንተ መንገድህን፣ የመኪናህን ታርጋና የምትመለስበትን ሰዓት ለአንድ ሰው ጻፍለት። «በዚህ ሰዓት ካልደወልኩ ፓርኩን ጥራ» በለው። ኔትወርክ ስለሌለ በሳተላይት መልእክት የሚልክ መሣሪያ ተከራይ፣ የወረቀት ካርታም ያዝ። የስልክህ ጂፒኤስ እዚያ አካባቢ የማይኬድበትን መንገድ አሳይቶ ያስትሃል።

ጥ፦ እናቴ ጉልበቷን ያማታል፤ ግን አብራን መምጣት ትፈልጋለች።

መ፦ ሜዝን ለሌላ ጊዜ አቆዩትና አይላንድ ኢን ዘ ስካይ ውሰዷት። ግራንድ ቪው ፖይንት ላይ መኪናው የሚቆምበት አጠገብ ሆና ሸለቆውን በሙሉ ታያለች። ሜዛ አርች እንኳን ዙሪያው ከአንድ ማይል ያነሰ ነው፤ ግን ደረጃና ድንጋይ አለው፣ ጉልበቷን አይታችሁ ወስኑ። ኮፍያና ውሃ አትርሱላት፣ ገደሉ ጫፍ ላይም አጥር በየቦታው ስለሌለ እጇን ያዙ።