ቦልት ዴጉ ላይ ምን ነካው? ስለ 100 ሜትር ላነሳችኋቸው ጥያቄዎች መልስ

ስለ 2011 የዴጉ የዓለም ሻምፒዮና፣ ስለ ወንዶች 100 ሜትር ፍጻሜ ማንኛውንም ነገር ጠይቁ ብዬ ነበር። አላሳፈራችሁኝም። የሚደጋገሙትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ። በዕለቱ የሆነው ምንድን ነው?

ኦገስት 28 ቀን፣ ደቡብ ኮሪያ። ጃማይካዊው ዩሴን ቦልት አምስተኛው መስመር ላይ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በርሊን ላይ ይህን ርቀት በ9.58 ሰከንድ የሮጠ ሰው ስለሆነ ወርቁ የእሱ መሆኑን የተጠራጠረ አልነበረም። «ተዘጋጁ» ተባለ፤ ስምንቱም ወገባቸውን ከፍ አደረጉ። ሽጉጡ ሳይተኮስ ቦልት ተነሳ፤ ቀድሞ የተነሳ ደግሞ ከውድድሩ ይወጣል። ጥቂት እርምጃ እንደሄደ ራሱ ገብቶታል። ዳኛ እስኪመጣ እንኳን አልጠበቀም፤ ማሊያውን መዥርጦ አወለቀ።

ሰባቱ እንደገና ተሰለፉ። የቦልት የአገሩ ልጅ ዮሃን ብሌክ 9.92 ገብቶ አሸነፈ። አሜሪካዊው ዋልተር ዲክስ 10.08፣ ኪም ኮሊንስ 10.09። ኮሊንስ የሴንት ኪትስና ኔቪስ ሰው ነው፤ ዕድሜው 35 ነበር። በ2003 ፓሪስ ላይ ይህንኑ ርቀት አሸንፏል። ከስምንት ዓመት በኋላ ነሐስ! እኔ ከዚያ ሩጫ በጣም የምወደው እሱን ነው፤ ግን የጠየቀኝ የለም።

ጥያቄ፦ ድሮ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ይሰጥ አልነበረም እንዴ?

ይሰጥ ነበር። እስከ 2002 ድረስ እያንዳንዱ ሯጭ አንድ ጊዜ ቀድሞ በመነሳት ቢሳሳት ይታለፋል፤ ሁለተኛው ላይ ከውድድሩ ይወጣል። አስቡት፣ ስምንቱም ሰው እያንዳንዱ አንድ ጊዜ ቢሳሳት ሩጫው መቼ ይጀመራል? ቴሌቪዥኑም ተመልካቹም ተሰላቸ። በ2003 ተቀየረና የመጀመሪያው ስህተት ለሁሉም የጋራ ማስጠንቀቂያ ሆነ። ከዚያ በኋላ የተሳሳተ ሁሉ፣ የፊተኛው ስህተት የእሱ ባይሆንም፣ ይወጣል። ይሄ ደግሞ ለብልጦች ተመቸ። መነሻው ደካማ የሆነ ሯጭ ሆን ብሎ ቀድሞ ይነሳል፤ ከዚያ ፈጣን ተነሺዎቹ ሁሉ ፈርተው ይቆማሉ።

ከ2010 ጀምሮ አንድ ስህተት፣ ውጪ። ዴጉ የመጣው በዓመቱ ነው።

ጥያቄ፦ ዳኛው በዓይኑ አይቶ ነው? ልዩነቱ እኮ ቅጽበት ነው።

የቦልትን ለማየት መሣሪያ አያስፈልግም ነበር። በጥቂቱ የሚቀድሙትን ግን የሚያጋልጠው ብሎኩ፣ ማለትም ሯጩ ሲነሳ እግሩን የሚያስደግፍበት መነሻ ነው። እግር የሚያርፍበት ሰሌዳ ላይ የግፊት መለኪያ አለ። ሽጉጡ ከተተኮሰ በኋላ ከ0.100 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ የገፋ ሰው ሰምቶ ሳይሆን ገምቶ ነው የተነሳው ተብሎ ይወሰዳል። ይህ ቁጥር የሚያነታርክ ነው። በ2022 ዩጂን ላይ አሜሪካዊው ዴቨን አለን በ110 ሜትር መሰናክል ፍጻሜ 0.099 ተመዝግቦበት ወጣ። በአንድ ሺህኛ ሰከንድ! እዚያ ላይ እኔም አዝኜለታለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከእያንዳንዱ ብሎክ ኋላ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ታያላችሁ አይደል? ለጌጥ አይደለም፤ የመነሻውን ድምፅ ለሁሉም እኩል ለማድረስ ነው። አንዱ መስመር 1.22 ሜትር ይሰፋል። ሽጉጡ አንደኛው መስመር አጠገብ ቢተኮስ ድምፁ ስምንተኛው ጋ ለመድረስ 2 መቶኛ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ዲክስንና ኮሊንስን የለያቸው 1 መቶኛ ነው።

ጥያቄ፦ ብሌክ እግሩን አንቀሳቅሶ አታሎት ነው ይባላል። እውነት ነው?

ቪዲዮውን ቀስ አድርጋችሁ ካያችሁት ብሌክ ትንሽ ሲነቃነቅ ይታያል። ወሬው የመጣው ከዚያ ነው። ለእኔ አይዋጥልኝም። ሁለቱ ያኔ የአንድ አሠልጣኝ፣ የግሌን ሚልስ ልጆች ነበሩ፤ አብረው ነበር የሚሠለጥኑት። ቦልትን ያወጣው የራሱ ችኮላ ነው። መነሻው ደካማ ጎኑ እንደሆነ ያውቃል፤ 1.95 ሜትር ቁመት ከብሎክ ሲነሳ ያስቸግራል። የሚገርመው ግን መቸኮል አያስፈልገውም ነበር። ቤይጂንግ ላይ በ2008 ለመነሳት 0.165 ሰከንድ ፈጅቶበት፣ አብዛኞቹ ቀድመውት፣ በ9.69 የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሯል።

ጥያቄ፦ ታዲያ የብሌክ ወርቅ የዕድል ነው?

ዕድል አለበት። ሌሎቹ ፈጣን ሯጮች ታይሰን ጌይና አሳፋ ፓውል በጉዳት አልነበሩም፤ ቦልት ወጣ። ግን ንፋሱን እዩ፤ በሰከንድ 1.4 ሜትር ፊት ለፊት ይመጣ ነበር። በዚያ ንፋስ 9.92 ቀልድ አይደለም። ልጁ ገና 21 ዓመቱ ነው። በቀጣዩ ወር ብራስልስ ላይ 200 ሜትር 19.26 ሮጠ። በ2012 የጃማይካ ማጣሪያ ቦልትን በሁለቱም ርቀት ቀደመው። ኦሎምፒኩ ላይ ግን ቦልት 9.63፣ ብሌክ 9.75። ስለዚህ ዴጉ ላይ ቦልት ቢሮጥ ኖሮ? ቦልት ነበር የሚያሸንፈው ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ ሰው ትኬት የገዛው ቦልትን ለማየት ነው። በዝምታ ቢያልፉት ምን ነበረበት?

አይሆንማ! በ1996 አትላንታ ላይ የወቅቱ የ100 ሜትር ኦሎምፒክ ሻምፒዮን ሊንፎርድ ክሪስቲ ሁለት ጊዜ ቀድሞ ተነስቶ ከፍጻሜው ወጥቷል። ሕጉ ስም አይጠይቅም። ያው ዴጉ ላይ በግማሽ ፍጻሜው ድዌይን ቻምበርስም በዚሁ ጥፋት ወጥቷል፤ ለእሱ ያለቀሰ አላየሁም።

ጥያቄ፦ በዚያ ቀን የኛ ልጆችስ?

ይሄን የጠየቅሽ እህት ተባረኪ። በዚያው ምሽት የወንዶች 10,000 ሜትር ፍጻሜ ነበር። ቀነኒሳ በቀለ ከረጅም ጉዳት ተመልሶ ገባ፤ አልሆነለትም፣ አቋርጦ ወጣ። እኛ አንገታችንን ደፋን። ሞ ፋራህ መጨረሻው ላይ ፈትለክ ብሎ ሄደ፣ አለቀ ተባለ። ኢብራሂም ጄይላን ግን አልለቀቀውም። መጨረሻው ቀጥታ መስመር ላይ ደረሰበትና አለፈው፤ 27:13.81 ለ27:14.07። ኢማነ መርጋ ነሐሱን ጨመረ። ጄይላን ያኔ ጃፓን ውስጥ ነበር የሚሮጠው፤ ለብዙው ተመልካች አዲስ ፊት ነው። ከዚያ በኋላ ዓለም ስለ ቦልት ብቻ አወራ፤ የኛ ወርቅ ተሸፈነች።

ጥያቄ፦ እኛ 100 ሜትር የማንሮጠው ከፍታው ላይ ስለምንኖር ነው?

ተቃራኒው ነው። ስስ አየር ለአጭር ርቀት ይመቻል፤ የሚገታህ አየር ይቀንሳል። አሜሪካዊው ጂም ሃይንስ በ1968 100 ሜትርን በ9.95 የሮጠው ሜክሲኮ ሲቲ ነው፤ 2,240 ሜትር ከፍታ ላይ። ጎረቤታችን ኬንያዊው ፈርዲናንድ ኦማንያላ የአፍሪካን ክብረ ወሰን 9.77 ያስመዘገበው በ2021 ናይሮቢ ላይ ነው። አዲስ አበባ ከናይሮቢም ትበልጣለች። የሰውነት አፈጣጠር ድርሻ አለው፣ አልክድም። ግን ፈጣን ልጅ ሲገኝ የኛ አሠልጣኝ መጀመሪያ የሚያስበው 1,500 ሜትር ነው። ለሯጩም ገንዘቡ ያለው ረጅሙ ላይ ነው። ማን ይፈርድበታል?

ጥያቄ፦ ቦልት ከዚያ ባዶ እጁን ተመለሰ?

ኧረ! ከስድስት ቀን በኋላ 200 ሜትሩን 19.40 ገብቶ ወሰደው። በማግስቱ በ4 በ100 ዱላ ቅብብል ጃማይካ 37.04 የዓለም ክብረ ወሰን አስመዘገበች፤ ሦስተኛው ሯጭ ብሌክ፣ ዱላውን የተቀበለው ቦልት። በቀጣዩ ዓመት ለንደን ላይ እነዚያው አራቱ 36.84 አደረሱት።