አስተናግር ወይስ ዕፀ ፋርስ?

ጥያቄ፦ ራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ ከአንድ ግቢ አጥር በላይ ቁልቁል የተንጠለጠለ ትልቅ ነጭ አበባ አለ። እናቴ «አስተናግር ነው፣ እንዳትነኪው» ትለኛለች። ጎረቤታችን እማማ ደግሞ «አጤ ፋሪስ ነው፣ ለጥርስ ሕመም መድኃኒት ነው» ይላሉ። ትክክለኛው ስም የትኛው ነው?

መልስ፦ ከአጻጻፉ ልጀምር። «አጤ» የንጉሥ ማዕረግ ነው፤ እዚህ ቦታ የለውም። ቃሉ የግእዙ «ዕፅ» ነው፣ ዛፍ ወይም እንጨት ማለት። ሲናበብ «ዕፀ በለስ» እንደምንለው ሁሉ «ዕፀ ፋርስ» ይሆናል። በፀሐዩ «ፀ» ይጻፍ።

«አስተናግር» የኛው የአማርኛ ስም ነው፤ እኔም በጣም እወደዋለሁ። ከ«ተማረ» «አስተማረ» እንደሚወጣ፣ ይህም ከ«ተናገረ» ወጥቷል፤ የሚያስለፈልፍ ማለት ነው። ስም አውጪዎቹ ያዩትን ነው የሰየሙት። ተክሉን የበላ ሰው አፉ ይደርቃል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ከዚያም ከሌለ ሰው ጋር ያወራል። ይህን የሚያደርጉት አትሮፒንና ስኮፖላሚን የሚባሉት ንጥረ ነገሮች ናቸው። የዓይን ሐኪም ብሌን ለማስፋት ጠብ የሚያደርገው አትሮፒን ያው ራሱ ነው፤ እዚያ ግን መጠኑ ተለክቷል። በተክሉ ውስጥ ያለውን ማንም አልለካውም።

ሁለቱም ስሞች የሚጠሩት ግን በየመንገዱ ዳር የሚበቅለውን፣ አበባው ወደ ላይ የቆመውን፣ ፍሬው እሾሃም የሆነውን ተክል ነው። እርስዎ ያዩት ለጌጥ የሚተከል የደቡብ አሜሪካ ዘመዱ ነው። መርዛቸው አንድ ዓይነት ስለሆነ ይህንንም «የጌጥ አስተናግር» ብንለው ደስ ይለኛል፤ እናትዎም ያን ያህል አልተሳሳቱም።

እማማ ያሉትም ከመሬት የተነሣ አይደለም። የአስተናግርን ፍሬ ፍም ላይ አጭሶ ጭሱን በአፍ መያዝ «የጥርስ ትል ያወጣል» ተብሎ ሲሠራበት የኖረ ነው፤ ቅጠሉም ተወቅጦ ለጭርትና ለፎረፎር ይቀባል። ነገር ግን «መድኃኒት» የሚለው ቃላችን ራሱ ሁለት ፊት አለው፤ «መድኃኒት አበሉት» ሲባል ሰውየው ታከመ ማለት አይደለም፣ ተመረዘ ማለት ነው። በዚያ ላይ ዛሬ ብዙ ሰው «ዕፀ ፋርስ» ሲል ካናቢስን ነው። ስለዚህ ለዚህ ተክል «አስተናግር» የሚለውን ብቻ ይያዙ፣ እማማንም ወደ ጥርስ ሐኪም ይውሰዷቸው። ቅጠሉን የነካ እጅም ዓይን ሳይነካ ይታጠብ፤ ጭማቂው ዓይን ውስጥ ከገባ ብሌኑ ሰፍቶ ይውላል።