ማሽን ላይ ቆይቶ የሚመጣ ሳንባ «የተጣለ ሳንባ» ነው?

እህቴ፣ አባትዎ እዚህ አሜሪካ የሳንባ ንቅለ ተከላ ተራ እየጠበቁ መሆናቸውን፣ አስተባባሪዋ ነርስ «የሚመጣልዎት ሳንባ አስቀድሞ ማሽን ላይ የተፈተሸ ሊሆን ስለሚችል ፈቃደኛ ከሆኑ ይፈርሙ» እንዳለቻቸው፣ እርሳቸውም «ሌላ ሰው የጣለውን ሳንባ ሊሰጡኝ ነው» ብለው መስጋታቸውን ጽፈዋል። በንቅለ ተከላ ቡድን ውስጥ በመተንፈሻ ሕክምና ባለሙያነት ለዓመታት ስለሠራሁና እንዲህ ያሉ ሳንባዎችን ማሽን ላይ ስለተከታተልሁ፣ የማውቀውን ላስረዳዎ። ስለ አባትዎ የግል ሁኔታ የመጨረሻው ቃል የሐኪሞቻቸው ነው።

ሳንባ ከሚለገሱ የሰውነት ክፍሎች ሁሉ ቶሎ ከሚጎዱት አንዱ ነው። የለጋሹ አንጎል ሞቶ በመተንፈሻ መሣሪያ በሚቆይበት ጊዜ ከጨጓራ የተመለሰ ነገር ወደ ሳንባው ሊገባ፣ ኢንፌክሽን ሊጀምር፣ በደም ሥር የተሰጠው ፈሳሽም ሳንባው ውስጥ ሊጠራቀም ይችላል። በዚህ ምክንያት ለረጅም ዘመን ለንቅለ ተከላ ሲውል የኖረው ከአምስት ለጋሾች የአንዱ ሳንባ ያህል ብቻ ነበር። ከቀሩት ብዙዎቹ በእርግጥም የማይሆኑ ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ግን የታለፉት ደህና ይሁኑ አይሁኑ የሚጣራበት መንገድ ስለታጣ ነው። ሳንባው ታጥቦ በበረዶ ሳጥን ከገባ በኋላ የሚኖረው ጊዜ በተለምዶ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ነው፤ በዚያ ቅዝቃዜ ውስጥ ደግሞ ሥራ ስለማይሠራ ሊመረመር አይችልም።

ይህን ችግር ለመፍታት በስዊድን የሉንድ ከተማ ሐኪም ስቲግ ስቴን፣ ከሰውነት የወጣን ሳንባ አሙቀውና አሠርተው ከፈተሹ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2000 ለሕመምተኛ ተከሉት። የካናዳው የቶሮንቶ ቡድን በሻፍ ከሻቭጂና በማርሴሎ ሳይፐል መሪነት ዘዴውን ለብዙ ሰዓታት እንዲያገለግል አድርጎ አሳደገው። በአሜሪካም የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣኑ የመጀመሪያውን መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2014 ፈቀደ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሳንባው በተዘጋ ግልጽ ክዳን ሥር ይቀመጣል። የአየር ቧንቧው ከቬንቲሌተር (ከመተንፈሻ መሣሪያ) ጋር፣ የደም ሥሮቹ ደግሞ ከፓምፕ ጋር ይገናኛሉ። በውስጡ የሚዘዋወረው በቶሮንቶው ዘዴ ደም ሳይሆን፣ ውኃ ከደም ሥር ወደ አየር ከረጢቶች እንዳያመልጥ የሚረዳ ፕሮቲን ያለበት ልዩ ፈሳሽ ነው። ሙቀቱም ፍሰቱም ቀስ በቀስ ነው የሚጨምሩት፤ 32 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መተንፈስ እናስጀምረዋለን፣ ከዚያ እስከ 37 እናደርሰዋለን። ከዚያ በኋላ በየሰዓቱ ኦክስጅኑን፣ የአየር ቧንቧውን ግፊትና የሳንባውን የመለጠጥ አቅም እንመዘግባለን፤ ኤክስሬይ ይነሣል፣ በብሮንኮስኮፕም (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ) ውስጡ ይታያል።

ከቁጥሮቹ ሌላ ዓይንና እጅ የሚያዩት ነገር አለ። ቬንቲሌተሩን ለቅጽበት ስናላቅቀው ጤነኛ ሳንባ ወዲያው ሟሽሾ ይወርዳል፤ ውኃ ያዘለው ግን እንደተነፋ ይቀራል፣ ሲነካም ይከብዳል። በፓምፑ ማጠራቀሚያ ያለው ፈሳሽ እየጎደለ ከሄደ ሳንባው እየመጠጠው ነው ማለት ነው። እኔ በግሌ ከኦክስጅኑ ቁጥር ይልቅ እነዚህን ምልክቶች አስቀድሜ እመለከታለሁ፤ ፈሳሹ ቀይ የደም ሕዋስ በሌለበት ጊዜ ሳንባው መበላሸት ጀምሮም የኦክስጅኑ ልኬት ለተወሰነ ጊዜ ጥሩ መስሎ ሊቆይ ይችላልና።

እንግዲህ ለአባትዎ ሥጋት ዋናው መልስ እዚህ ላይ ነው። ማሽን ላይ የወጣ ሳንባ ሁሉ አይተከልም፤ እየተሻሻለ ካልሄደ ወይም ከባሰበት ቡድኑ ይተወዋል። አባትዎ ዘንድ የሚደርሰው በበረዶ ብቻ ከመጣው ይልቅ ለሰዓታት ተጨማሪ ምርመራ ያለፈ ሳንባ ነው። የቶሮንቶ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተመው ጥናት ማሽን ላይ ተፈትሸው የተተከሉ 20 ሰዎች በተለመደው መንገድ ከተተከሉ 116 ሰዎች ጋር ተነጻጽረው፣ ከ72 ሰዓት በኋላ መካከለኛ ወይም ከባድ የሳንባ ጉዳት የታየባቸው እንደ ቅደም ተከተላቸው 15 በመቶ እና 30 በመቶ ሆነው ተገኝተዋል። ሰዎቹ ጥቂት ስለነበሩ ልዩነቱ በአጋጣሚም ሊመጣ ይችላል፤ ስለዚህ «ይበልጣል» ብዬ አልነግርዎትም። አጠራጣሪ ተብለው የተፈተሹት ሳንባዎች ከተለመዱት ያነሰ ውጤት አለማሳየታቸው ግን ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ማሽኑ የማይሠራውንም ልንገርዎ። ሰውነት አዲሱን ሳንባ እንዳይገፋ የሚወሰደውን መድኃኒት አያስቀርም፤ ከዓመታት በኋላ የሚመጣውን ሥር የሰደደ መገፋትም አይከላከልም። አባትዎ በአንዳንድ ማዕከል የበረዶ ሳጥን ሳይሆን 10 ዲግሪ ላይ የሚያቆይ ማቀዝቀዣ ሲጠቀስ ከሰሙም አይደንግጡ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ የቶሮንቶ ምርምር በዚህ ሙቀት የሕዋሳቱ ኃይል ማመንጫ ክፍሎች ከበረዶው በተሻለ እንደሚጠበቁ አሳይቷል።

አስተባባሪዋን ሦስት ነገር ቢጠይቋት መልካም ነው፦ ሳንባው ማሽን ላይ የወጣበት ምክንያት በጥሪው ጊዜ ይነገራቸው እንደሆነ፣ ይህን ዘዴ ማዕከሉ ምን ያህል እንደተጠቀመበትና ውጤቱ ምን እንደሆነ፣ ባይፈርሙ ጥሪ የማግኘት ዕድላቸው ምን ያህል እንደሚጠብ። ደግሞም አባትዎን አስቀድመው ያዘጋጁአቸው፤ ተጠርተው፣ ሆስፒታል ገብተው፣ ሳይበሉ ሰዓታት ከጠበቁ በኋላ «ሳንባው አልሆነም» ተብለው ወደ ቤት ሊመለሱ ይችላሉ። ያ ቢደርስ ተራቸውን አያጡም። ፈርመውም ቢሆን ጥሪው ሲመጣ ሐሳባቸውን የመለወጥ መብት አላቸው፤ እንግሊዝኛው የሚያስቸግራቸው ከሆነም ከመፈረማቸው በፊት ሆስፒታሉ የአማርኛ አስተርጓሚ በነጻ እንዲያቀርብላቸው ይጠይቁ።