ያለኝ ስልክና ሌሊት ብቻ ነው፤ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ ይድረስ ለመምህርት፤ ጤና ይስጥልኝ። 12ኛ ክፍልን ከጨረስኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ነጥቤ ለዩኒቨርሲቲ አልበቃም። አሁን ከአጎቴ ጋር በጀልባ ቱሪስት ወደ ዘጌ እናመላልሳለን። ማታ ማታ በስልኬ ስለ ኳርክ፣ ስለ ሂግስ፣ ስለ ሰርን ቪዲዮ አያለሁ። ከመቶ በላይ አይቻለሁ። ሳየው ይገባኛል፤ ጠዋት ለአጎቴ ላስረዳ ስል ግን አፌ ይተሳሰራል። እንግሊዝኛዬም ደከም ያለ ነው። ላፕቶፕ የለኝ፣ ላብራቶሪ የለኝ። ኒውክሌርና ፓርቲክል ፊዚክስን በኢንተርኔት ብቻ መማር በእውነት ይቻላል? ከየት ልጀምር? ሰፈር ውስጥ ደግሞ «ቦምብ ልትሠራ ነው እንዴ?» ይሉኛል። ለእነሱስ ምን ልበል?
(ከሽምብጥ፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ ልጄ፣ ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። «ሳየው ይገባኛል፤ ላስረዳ ስል ግን አፌ ይተሳሰራል» ያልከው ላይ ስደርስ ቆም አልኩ። እኔም እዚያው ቦታ ላይ ነበርኩና።

ሰኔ 27 ቀን 2004 ዓ.ም. ሰርን፣ በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ድንበር ላይ ያለው ትልቁ የፓርቲክል ፊዚክስ ላብራቶሪ፣ የሂግስን ቅንጣት ማግኘቱን አወጀ። ሂግስ ለሌሎች ቅንጣቶች ክብደት ከመስጠት ጋር የተያያዘ ቅንጣት ነው። ያኔ እዚሁ ባሕር ዳር ፊዚክስ አስተምር ነበር። ፔዳ አካባቢ አንድ ኢንተርኔት ቤት ገብቼ፣ ቪዲዮው እየተቆራረጠብኝ ዜናውን ተከታተልኩ። ክረምቱን ሙሉ ስለ ጉዳዩ ያገኘሁትን ሁሉ አየሁ። መስከረም ላይ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ ሂግስ ተገኘ ሲባል በዓይን ታየ ማለት ነው?» አለችኝ። መልስ አጣሁላት። ያ ሁሉ ሰዓት ያየሁት ነገር እጄ ላይ አልነበረም።

መልሱ የመጣልኝ ቆይቶ ነው፤ እርሳስና ወረቀት ይዤ ስቀመጥ። ሂግስ አይታይም። ገና እንደተፈጠረ ይፈርሳል። የሚታየው ፍርስራሹ ነው፤ ለምሳሌ ሁለት ፎቶኖች፣ ማለትም የብርሃን ቅንጣቶች። የሁለቱን ጉልበትና አቅጣጫ ትለካለህ። ከዚያ ወደ ኋላ አስልተህ ምን ያህል ክብደት ካለው ነገር እንደወጡ ታገኛለህ። ይህን በብዙ ግጭቶች ላይ ስትደጋግመው፣ 125 ጊጋ ኤሌክትሮንቮልት (የቅንጣት ጉልበትና ክብደት የሚለካበት መለኪያ ነው) አካባቢ ቁጥሩ ከሚጠበቀው በላይ ይከመራል። ግራፉ ላይ ትንሽ ጉብታ ይወጣል። «ሂግስ ተገኘ» የተባለው ያቺን ጉብታ አይተው ነው።

ስለዚህ ለጊዜው ለአንድ ወር የኳርክ፣ ማለትም ፕሮቶንና ኒውትሮን የተሠሩባቸው ቅንጣቶች፣ ቪዲዮ ማየት አቁም። እንደሚከብድህ አውቃለሁ። ግን ከኒውክሊየስ፣ ከአቶም እምብርት፣ ጀምር። ኒውክሊየስ ላይ 12ኛ ክፍል በተማርከው ሒሳብ ብቻ ብዙ ነገር ራስህ ማስላት ትችላለህ።

የመጀመሪያውን ላብራቶሪ ከጓዳ ውሰድ። 100 ፍሬ ባቄላ ቁጠር፤ እያንዳንዱ ሊፈርስ የሚችል ኒውክሊየስ ነው በል። የእያንዳንዱን አንድ ጎን በከሰል አጥቁር። ሰፌድ ላይ በትናቸው። ጥቁሩ ወደ ላይ የሆነውን ሁሉ አውጣ፤ የቀረውን ቆጥረህ ጻፍ። እንደገና በትን። ከ100 ወደ 50 ገደማ፣ ከዚያ ወደ 25፣ ከዚያ ወደ 12 ይወርድልሃል። የትኛው ባቄላ በየትኛው ዙር እንደሚወጣ አታውቅም። በጠቅላላው ግን በየዙሩ ግማሽ ያህሉ ይሄዳል። ግማሽ ዕድሜ፣ መጽሐፉ ላይ ሃፍ ላይፍ የተባለው ነገር፣ ይኸው ነው። ይህን በእጅህ ሳትሠራ ወደ ሌላ አትለፍ።

ቀጥሎ ወደ ሥራህ ና። ቱሪስቶቹን ኡራ ኪዳነ ምሕረት ስታደርስ የብራና መጽሐፍ አይተህ ይሆናል። ብራና የእንስሳ ቆዳ ነው። እንስሳው በሕይወት ሳለ ከሚበላው ሣር ካርቦን 14፣ ቀስ በቀስ የሚፈርስ የካርቦን ዓይነት፣ ያገኛል። ሲታረድ አዲስ መግባቱ ይቆማል፤ ያለው መፍረሱን ይቀጥላል። የካርቦን 14 ግማሽ ዕድሜ 5,730 ዓመት ነው። እንግዲህ ብራናው 500 ዓመት ቢሆነው ስንት ቀረ? 500ን ለ5,730 አካፍል። ከዚያ 0.5ን በዚያ ቁጥር ከፍ አድርግ። ብዙ ስልክ ላይ ካልኩሌተሩን ከፍተህ ስልኩን ስታጋድመው ይህ ቁልፍ ይወጣል። 0.94 ታገኛለህ፤ 94 በመቶው ገና አለ ማለት ነው። የአባ ገሪማ ወንጌልም በዚሁ ዘዴ ተመርምሮ፣ ብራናው ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ እንደተዘጋጀ ታውቋል።

አሁን ኢንተርኔቱን ክፈት። ፌት (PhET) የሚባል የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ነጻ የሲሙሌሽን፣ ማለትም በስክሪን ላይ የሚሠራ ሙከራ፣ ስብስብ አለ። አዲሶቹ በስልክ ብሮውዘር ይከፈታሉ፤ አንዴ ካወረድካቸው ያለ ዳታም ይሠራሉ። አቶም የሚገነባበትን አስቀድም፤ ቀጥሎ የራዘርፎርድን። ከራዘርፎርድ ጋር ይሠሩ የነበሩት ጋይገርና ማርስደን በ1909 እ.ኤ.አ. አልፋ ቅንጣት፣ ራዲዮአክቲቭ ነገር የሚተፋውን፣ ወደ ስስ ወርቅ ሲተኩሱ፣ ከብዙ ሺህ አንዱ ወደ ኋላ ተመለሰ። ራዘርፎርድ በ1911 «አቶም መሐሉ ላይ በጣም ትንሽና ከባድ ነገር አለው» ያለው ከዚያ ተነስቶ ነው። ትንሽነቱን ለማየት ባሕር ዳር ስታዲየምን አስብ። የወርቅ ኒውክሊየስ አንድ ፍሬ ሽንብራ ሆኖ ሜዳው መሐል ቢቀመጥ፣ አቶሙ ከነጎሎቹ ሜዳውን ይውጠዋል። የቀረው ባዶ ነው፤ ኤሌክትሮኖቹ ብቻ ናቸው ያሉት።

ከዚያ በኋላ ኤምአይቲ ኦፕንኮርስዌር (MIT OpenCourseWare) በተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ነጻ የኮርሶች ድረ ገጽ ላይ 22.01 የሚል ቁጥር ያለውን ኮርስ ፈልግ። ማይክል ሾርት በ2016 ያስተማረው የኒውክሌርና የጨረራ መግቢያ ነው። ቪዲዮው፣ ጥያቄው፣ ሁሉም በነጻ ነው። አንድ ሌክቸር በሳምንት ይበቃሃል። 8.701 የሚለውንም ታየዋለህ፤ ኒውክሌርና ፓርቲክል ፊዚክስ ይላል። ስሙ አያጓጓህ፤ የድህረ ምረቃ ኮርስ ስለሆነ ኳንተም ሳትማር አይገፋም። ይደርሳል።

ስለ እንግሊዝኛው አትጨነቅ። 12ኛን የተማርከው በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው። ቪዲዮውን ወደ 0.75 ፍጥነት አውርደው፤ ከሥር የሚወጣውን ጽሑፍ አብራው። አዲስ ቃል ሲመጣ ደብተርህ ላይ በአማርኛ በራስህ አባባል ፍታው። አጎትህን ደግሞ አትተው። በየሳምንቱ አንድ ነገር አስረዳው። ካልገባው ገና አልገባህም ማለት ነው፤ ተመለስና ሥራው።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልንገርህ። ሰርን የአጋንንት በር ከፈተ የሚሉ ቪዲዮዎች በቴሌግራም ይዞራሉ። ልጆች አምነውት ሲፈሩ አይቻለሁ፤ ያሳዝነኛል። ቪዲዮ ሲደርስህ «ምን ለካ? ስንት አገኘ? በምን ለካው?» ብለህ ጠይቀው። መልስ ከሌለው ዝጋው።

ፓርቲክል ፊዚክስ ስለናፈቀህ ግን ባዶ እጅህን አልሰድህም። ጀልባው ላይ ሆነህ መዳፍህን ወደ ሰማይ ዘርጋ። በየሰከንዱ አንድ ያህል ሚዮን ያልፍበታል። ሚዮን የኤሌክትሮን ከባድ ወንድም ነው። ከጠፈር የሚመጡ ቅንጣቶች አየሩን ሲመቱ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይወለዳል። አማካይ ዕድሜው 2.2 ማይክሮሰከንድ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ በብርሃን ፍጥነት ቢሮጥ እንኳ 660 ሜትር ገደማ ብቻ ይሄዳል። ጣና ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ ቢሆንም ሚዮኑ ብዙ ኪሎ ሜትር ይቀረው ነበር። ግን ይደርሳል። በዚያ ፍጥነት ለሚሮጥ ነገር፣ ከእኛ አንጻር ጊዜ ስለሚዘገይለት ነው። አንስታይን በ1905 የጻፈውን ነገር በመዳፍህ ትቀበለዋለህ። ይህን ሳስተምር ሁልጊዜ ድምፄ ይለወጣል።

«ቦምብ ልትሠራ ነው?» ለሚሉህ ስለ ኮባልት 60፣ ጨረራ ስለሚያወጣው የኮባልት ዓይነት፣ ንገራቸው። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የካንሰር ሕመምተኞች በኮባልት 60 ጨረራ ታክመዋል። ግማሽ ዕድሜው 5.27 ዓመት ነው። ስለዚህ ማሽኑ በየጊዜው ይደክማል፤ ምንጩ ካልተቀየረ አንድ ሕመምተኛ ያንኑ መጠን ለማግኘት ከ5 ዓመት በኋላ ሁለት እጥፍ ያህል ሰዓት መተኛት አለበት። ያን የሚያሰላ ሰው ያስፈልጋል። ሒሳቡ የባቄላው ሒሳብ ነው።

በመጨረሻ ይህን ሠርተህ ላክልኝ፦ አንድ ብራና ላይ መጀመሪያ ከነበረው ካርቦን 14 ውስጥ 91 በመቶው ቀርቷል። ዕድሜው ስንት ነው? ሎጋሪዝም ትፈልጋለህ፤ የ10ኛ ክፍል ደብተርህን አውጣ። መልሱን ብቻ ሳይሆን የሠራህበትን ገጽ በስልክህ ፎቶ አንስተህ ላከው። ብትሳሳትም የት ጋ እንደሳትክ አብረን እናየዋለን።