ጥያቄ ስለገባበት ብቻ ዕጣነቱ ይቀራል?

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ከዚራ ላይ ጭማቂ ቤት አለኝ። ለበዓል ገበያ ማነቃቂያ እንዲሆነኝ ከ200 ብር በላይ ለተጠቀመ ደንበኛ ኩፖን ልሰጥ አስቤያለሁ። ኩፖኑ ላይ «ባቡር ድሬዳዋ የገባው በስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» የሚል ጥያቄ አለ። በትክክል ከመለሱት መካከል አንዱ በዕጣ ስልክ ይሸለማል። ጓደኛዬ «ጥያቄ ካለው ሎተሪ አይባልም፣ ፈቃድም አያስፈልገውም» አለኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ የድሬ ሰው አንቱታ እንደማይወድ ባውቅም፣ የሕግ ነገር ነውና አንቱ ልበልዎት።

ጓደኛዎ የነገሩዎት ነገር በሌሎች አገሮች ሕግ ሊያስኬድ ይችላል። እዚያ ችሎታ የሚጠይቅ ውድድርና በዕድል የሚገኝ ሽልማት ተለያይተው ይታያሉ። የእኛ ሕግ ግን ሰፋ አድርጎ ነው የያዘው። የብሔራዊ ሎተሪ አስተዳደርን እንደገና ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 535/1999 የሎተሪ ሥራን ሲተረጉም፣ አሸናፊው በዕጣ ወይም በዕድል የሚለይበትን ብቻ ሳይሆን «በሌላ ማንኛውም መንገድ» የሚለይበትንም ይጨምራል። ቶምቦላና ቢንጎን ከመሳሰሉት ጋር የማስተዋወቂያ ሎተሪንም በስሙ ጠርቶታል። እርስዎ ያሰቡት እሱኑ ነው፤ ጭማቂ ለመሸጥ ሽልማት ማቅረብ።

ደግሞስ የርስዎ ጥያቄ ማንን ይጥላል? ድሬ ያደገ ልጅ ሁሉ ይመልሰዋል፤ የማያውቀውም ስልኩን ከፍቶ ያየዋል። መቶ ሰው በትክክል ቢመልስ ስልኩን ለአንዱ የሚሰጠው እጅዎ ሳጥን ውስጥ ገብቶ የሚያወጣው ወረቀት ነው። ይሄ ዕጣ ነው፤ ጥያቄው ጌጥ ነው። ስለዚህ ኩፖን ከማሳተምዎ በፊት ለኢትዮጵያ ሎተሪ አገልግሎት ማመልከቻ ያስገቡ፤ የቀድሞው አስተዳደር አሁን በዚህ ስም ይጠራል። የንግድ ፈቃድዎ ይህንን አይሸፍንም። ያለ ፈቃድ ሎተሪ ማካሄድ በወንጀል ያስጠይቃል። ጉዳዩ የፌዴራል ስለሆነ ሐረር ላይ ቢሆኑም መልሴ ይኸው ነበር።

ዕጣውን ትተው እውነተኛ ውድድር ቢያደርጉትስ? ለምሳሌ የከተማዋን ምርጥ ፎቶ ያነሳ ይሸለም፣ ሦስት ዳኞች ነጥብ ይስጡ፣ እኩል ከመጡም በዕጣ ሳይሆን በሌላ ፎቶ ይለዩ ቢሉ አቋምዎ በጣም ይጠነክራል። ያም ሆኖ «በሌላ ማንኛውም መንገድ» የምትለዋ ሐረግ ስላለች፣ እኔ ብሆን ደንቡን አያይዤ «ይህ ፈቃድ ይጠይቃል ወይ?» ብዬ ለአገልግሎቱ በደብዳቤ እጠይቃለሁ፤ መልሱንም ፋይል ውስጥ አስቀምጣለሁ። ያሸነፈውን ፎቶ ለማስታወቂያ የሚጠቀሙበት ከሆነ ከአንሺው የጽሑፍ ፈቃድ ይውሰዱ፤ ሽልማት መቀበል መብት ማስተላለፍ አይደለም።

ብዙ ነጋዴ የሚዘነጋው ሌላ ነገር አለ። በር ላይ የለጠፉት ማስታወቂያ ያስገድድዎታል። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1689 በአደባባይ ሽልማት ቃል የገባ ሰው፣ የተባለውን ለፈጸመው የመስጠት ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። «ገበያው ስለቀዘቀዘ ሰርዘነዋል» ማለት ኩፖኑን ይዞ ለመጣው ደንበኛ መልስ አይሆንም። የሌለ ሽልማት ማስተዋወቅማ በአዋጅ ቁጥር 759/2004 የተከለከለ አሳሳች ማስታወቂያ ነው። ስለዚህ ስልኩን አስቀድመው ይግዙት፤ ሞዴሉን፣ የመጨረሻውን ቀንና አሸናፊው የሚለይበትን መንገድ ኩፖኑ ላይ ይጻፉ።

ግብሩን በአጭሩ፦ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ከ1,000 ብር በላይ በሆነ የዕድል ሽልማት ላይ 15 በመቶ ግብር ጥሎ፣ ቀንሶ የማስቀረቱን ሥራ ሽልማቱን ለሚሰጠው ሰጥቷል። አዋጁ በ2017 ስለተሻሻለ የወቅቱን መጠን ከገቢዎች ይጠይቁ። ከስልክ ላይ ግብር ቆርሶ ማስቀረት አይቻልምና፣ ግብሩን እርስዎ ይክፈሉ ወይስ አሸናፊው የሚለውም ከወዲሁ ይጻፍ።

አንዲት ነገር ልጨምር። ባቡሩ የገባው በፈረንጆቹ 1902፣ በእኛ 1895 ነው። ሁለት ደንበኞች ሁለቱን ቁጥር ጽፈው ቢመጡ ሁለቱም ልክ ናቸው። ጥያቄው ላይ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ብለው ይጨምሩበት።