120 ደብተር ከጣሪያ ላይ ለመስቀል

ጥያቄ፦ ስድስት የሥነ ጥበብ ተማሪዎች ነን። ትምህርት ስላቋረጡ ልጆች የሚናገር ኢንስታሌሽን (ዕቃዎችን በአንድ ቦታ አደራጅቶ የሚሠራ የጥበብ ሥራ) እየሠራን ነው። 120 ደብተሮችን 4 ሜትር በ3 ሜትር በሆነ የእንጨት ፍሬም ላይ በናይለን ክር ልናንጠለጥል አስበናል። የአዳራሹ ኮርኒስ ጂፕሰም ነው፤ ይችለዋል?

መልስ፦ አይችለውም። የጂፕሰም ኮርኒስ እንዲህ ያለ ሸክም እንዲይዝ አልተሠራም። ፍሬሙ መታሰር ያለበት ከኮርኒሱ በላይ ካለው የኮንክሪት ወይም የብረት ተሸካሚ ጋር ነው፤ ቦታውን የሚያሳያችሁና የሚበሳላችሁ የሕንፃው ቴክኒሻን ይሁን።

መጀመሪያ ክብደቱን አስሉ። ባለ 50 ቅጠል ደብተር 150 ግራም ገደማ ስለሚመዝን 120ው 18 ኪሎ ይሆናል። ዙሪያው 5 በ5 ሳንቲ ሜትር ሞራሌ፣ ውስጡ 12 ቀጫጭን አግዳሚዎች ያሉት ፍሬም እንደ እንጨቱ ዓይነትና እርጥበት 32 ኪሎ አካባቢ ይመጣል። ድምሩ 50 ኪሎ ነው እንበል፤ የእናንተን ግን በሚዛን አረጋግጡ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ቀጥሎ ነው። 50ን ለአራት ማዕዘን ያካፍሉና አንዱ ገመድ 12 ኪሎ ተኩል ብቻ እንደሚይዝ ያስባሉ። አንዱ ገመድ በጥቂቱ ከረዘመ ግን ይላላል፤ ፍሬሙ ስለማይታጠፍ ሸክሙ በሰያፍ ትይዩ በሆኑት ሁለቱ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ የሚሸከሙት ሁለቱ ብቻ እንደሆኑ ቁጠሩ፤ ለእያንዳንዳቸው 25 ኪሎ። ሥራው ከሰው ራስ በላይ ስለሚውል ይህን በአምስት አባዙት። እያንዳንዱ ገመድ፣ መንጠቆና ቡሎን ቢያንስ 125 ኪሎ የሚችል መሆን አለበት።

ፍሬሙን በናይለን አትስቀሉ፤ ሸክም ሲቆይበት እየተለጠጠ ይሄዳል። የ3 ሚሊ ሜትር የብረት ገመድ ተጠቀሙ። ለደብተሮቹ የ0.5 ሚሊ ሜትር የዓሣ ማጥመጃ ክር ይበቃል፤ ችግሩ ቋጠሮው መንሸራተቱ ነው። ጫፉን በክሩ ላይ አምስት ጊዜ ጠምዝዙ፣ መጀመሪያ በተፈጠረው ቀለበት አሳልፉ፣ በውኃ አርጥባችሁ አጥብቁ። ለአንድ ደብተር ሁለት ክር አድርጉ። በአንድ ክር የተሰቀለ ደብተር በር በተከፈተ ቁጥር ይሽከረከራል፤ ተመልካች እንዲያነበው የፈለጋችሁት ገጽም ወደ ግድግዳ ይዞራል። ክሩ ወረቀቱን እንዳይቀድ ቀዳዳው ያለበትን ቦታ በወፍራም ካርቶን አጠናክሩ።

መሰላል ላይ ቆሞ አንድ በአንድ መስቀል ጉልበት ይጨርሳል፣ አደጋም አለው። ፍሬሙን እስከ ትከሻ አውርዳችሁ ሁሉንም እሰሩ፤ ከዚያ ከአራቱም ማዕዘን እኩል እየሳባችሁ አንሡት። ሰው ከሥሩ የሚያልፍ ከሆነ የመጨረሻው ደብተር ከወለል 2.2 ሜትር በታች አይውረድ። ወረቀት በቀላሉ ስለሚቀጣጠል የሚግሉ አምፖሎችን ከአጠገቡ አርቁ፤ የጭስ ጠቋሚና የአደጋ ጊዜ መውጫ አትሸፍኑ።

ጥያቄ፦ ጓደኞቻችን ንድፉን አይተው “ምን ለማለት ነው?” ይሉናል። ረጅም ማብራሪያ እንለጥፍ?

መልስ፦ ረጅም ጽሑፍ ቆሞ የሚያነብ ጥቂት ነው። ከ60 እስከ 80 ቃል በዓይን ከፍታ ለጥፉ፤ የቀረውን ዕቃው ይናገር። ለመሆኑ 120 ከየት መጣ? ፍሬሙን ለመሙላት ብቻ የተመረጠ ከሆነ ሥራው ጌጥ ነው። ከአንድ ትምህርት ቤት መዝገብ የተገኘ ከሆነ ያንኑ ጻፉ፤ መዝገቡ 113 ካለ 113 ስቀሉ።

አደራደሩም ይናገራል። ማያ ሊን እ.ኤ.አ. በ1981 ለቬትናም ጦርነት ሙታን መታሰቢያ የቀረበውን ውድድር ስታሸንፍ የ21 ዓመት የዬል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረች። ስሞቹ በፊደል ተራ ሳይሆን በጊዜ ቅደም ተከተል እንዲቀረጹ አደረገች፤ በአንድ ቀን የወደቁትም ጎን ለጎን ሆኑ። እናንተም ደብተሮቹን ልጆቹ ባቋረጡበት የክፍል ደረጃ ቅደም ተከተል ደርድሩ፣ እያንዳንዱን ጽሑፉ በቆመበት ገጽ ገልጣችሁ ስቀሉ። እኛ ብንሆን ከማንኛውም ማብራሪያ በፊት ይህን እናደርጋለን። እውነተኛ የልጆች ደብተር ከሆነ ግን የወላጅና የልጁ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ስም የሚታይበት ቦታ ሁሉ ይሸፈን።

ጥያቄ፦ አስተዳደሩ “ፖለቲካ ነው” ብሎ እንዳይከለክለን ርዕሱን አለስልሰን እናቅርብ?

መልስ፦ አታለስልሱ። በመክፈቻው ቀን እውነቱ ሲታይ “አታለላችሁን” ይባላል፤ ክርክሩም ከልጆቹ ወደ እናንተ ይዞራል። አንድ ገጽ ማመልከቻ አዘጋጁ፦ ርዕሱ፣ ንድፉ ከነልኬቱና ክብደቱ፣ የቁጥሩ ምንጭ፣ የሚቆይበት ጊዜ፣ ኃላፊው ማን እንደሆነ፣ የሚወርድበት ቀን። ውሳኔውን በጽሑፍ ጠይቁ።

አዳራሹን በየቀኑ የሚጠቀሙትን፣ የጽዳት ሠራተኞችንም ጨምሮ፣ አስቀድማችሁ አነጋግሩ። በኒው ዮርክ አንድ አደባባይ ላይ እ.ኤ.አ. በ1981 የቆመው 36 ሜትር ገደማ የሚረዝም የሪቻርድ ሴራ የብረት ቅርጽ መተላለፊያ ዘጋብን በሚል ቅሬታ ለዓመታት አከራክሮ በ1989 ተነሥቷል። ለእናንተ 1.2 ሜትር ነጻ መተላለፊያ መተውና በንድፉ ላይ ማሳየት ይበቃል። ከመሰቀሉ በፊት የአዳራሹን ፎቶ አንሡ፤ ስታስረክቡ በግድግዳው ላይ የነበረው ስንጥቅ ሁሉ በእናንተ እንዳይላከክ።