ግራፊክስ ካርዱ ስሎቱ ላይ ይገባል፤ ጥያቄው ኃይሉ ይበቃዋል ወይ ነው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በአውሮፓውያኑ 2013 የተሠራ የቢሮ ዴስክቶፕ አለሽ። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ 5 4570፣ ራሙ 8 ጊጋባይት፣ ፓወር ሰፕላዩ (ለክፍሎቹ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ሳጥን) 290 ዋት ነው። ቪዲዮ ለማቀናበርና አልፎ አልፎ ጌም ለመጫወት ብለሽ፣ ሰው የተጠቀመበት ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር የሚባል ግራፊክስ ካርድ (ስክሪን ላይ የሚታየውን ምስል የሚሠራው ክፍል) ልትገዢ አስበሻል። «ካርዱ ይገባል ወይ?» ነው ያልሽው። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ «አዎ፣ ይገባል» ብለዋል። ልክ ናቸው፣ ይገባል። ግን እኔም ከዓመታት በፊት ይህንኑ ጠይቄ፣ ይህንኑ መልስ አግኝቼ ነው የከሰርኩት። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

ስለ ስሎቱ አትጨነቂ። ማዘርቦርዱ ላይ ካርድ የሚሰካበት ረጅሙ የፒሲአይ ኤክስፕረስ ስሎት እስካለ ድረስ አዲስ ካርድ አሮጌ ስሎት ላይ፣ አሮጌ ካርድም አዲስ ስሎት ላይ ይሠራል። ሁለቱ በደካማው ፍጥነት ይስማማሉ። ያንቺ ፕሮሰሰር የፒሲአይ ኤክስፕረስን ሦስተኛ ትውልድ ይደግፋል፤ 1660 ሱፐርም የተሠራው ለሦስተኛው ነው። ማዘርቦርድሽ ላይ ሁለት ረጃጅም ስሎቶች ካሉ ለፕሮሰሰሩ የሚቀርበውን ተጠቀሚ። ሌላኛው መልኩ ረጅም ሆኖ ውስጡ አራት የመረጃ መስመር ብቻ ያለው ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የእኔ ታሪክ እንዲህ ነው። ያገለገለ ካርድ ገዛሁ። ካርዱ ጎኑ ላይ ከፓወር ሰፕላዩ ተጨማሪ ኃይል በኬብል የሚቀበልበት ባለ 6 ፒን መሰኪያ አለው። የእኔ ፓወር ሰፕላይ ደግሞ እንደ ብዙ የቢሮ ኮምፒውተር ያ ኬብል የለውም። ካርዱን የሸጠልኝ ሰው «ችግር የለም» ብሎ ከሳታ (ለዲስክ ኃይል ከሚሰጠው ማገናኛ) ወደ 6 ፒን የሚቀይር አጭር ኬብል ጨመረልኝ። ሰካሁት፣ ሠራ። ሁለት ሳምንት ያህል ደስ ብሎኝ ተጠቀምኩበት። ከዚያ አንድ ማታ ጌም መሀል ላይ ስክሪኑ ድርግም አለ። ወዲያው የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ኬዙን ስከፍተው የሳታው ጫፍ ቀልጦ ከመሰኪያው ጋር ተጣብቋል። ካርዱ ተርፎልኛል፤ ፓወር ሰፕላዩ ግን ከዚያ በኋላ አልተነሳም። ለኮምፒውተሩ ሳይሆን ለቤቱ ነበር የደነገጥኩት።

ለምን እንደቀለጠ የገባኝ ቆይቶ ነው። ስሎቱ ራሱ ለካርዱ እስከ 75 ዋት ይሰጣል። ባለ 6 ፒኑ ኬብል ሌላ 75፣ ባለ 8 ፒኑ ደግሞ 150 ዋት እንዲሸከም ታስቦ የተሠራ ነው። የሳታ ማገናኛ ግን ለዲስክ ነው የተሠራው። በ12 ቮልቱ በኩል ሦስት ፒን አለው፤ እያንዳንዱ የሚችለው 1.5 አምፔር ነው። ሲባዛ 54 ዋት ይመጣል። 54 የሚችለውን 75 አሸክመነው ነበር ማለት ነው። እና እባክሽን፣ 1660 ሱፐር የሚፈልገው ባለ 8 ፒን ነው። በሳታ መቀየሪያ እንሞክረው የሚል ሰው ካለ አትስሚው።

ያንቺን ሂሳብ እንሥራው። ካርዱ 125 ዋት ይበላል። ፕሮሰሰርሽ በአምራቹ መግለጫ 84 ዋት ነው። ለማዘርቦርዱ፣ ለራሙ፣ ለዲስኩና ለፋኖቹ 50 ያህል ጨምሪበት። 260 ገደማ ሆነ። «ታዲያ 290 ይበቃል» ትይ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። ግን ካርዱ በቅጽበት ከ125 በላይ የሚስብበት ጊዜ አለ። ፓወር ሰፕላዩም ከአሥር ዓመት በላይ ሠርቷል፤ የዱሮ ጉልበቱን አትጠብቂ። አምራቹ ራሱ ለዚህ ካርድ የሚመክረው 450 ዋት ነው። ደግሞ ኬዙን ከፍተሽ ፓወር ሰፕላዩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብቢ። ትልቁን ቁጥር ተዪውና 12 ቮልት በሚለው ስር ያለውን አምፔር ፈልጊ። እሱን በ12 አባዢው። ካርዱና ፕሮሰሰሩ የሚጠቀሙት ያንን ነው፤ ከተጻፈው ጠቅላላ ዋት ያነሰም ሊሆን ይችላል።

«እንግዲያው ፓወር ሰፕላዩን እቀይራለሁ» ካልሽ መልካም ነው። ግን አንድ ነገር ከወዲሁ እወቂ። የዚያ ዘመን የዴልና የኤችፒ የቢሮ ማሽኖች ብዙዎቹ ማዘርቦርዳቸው የተለመደውን ባለ 24 ፒን የፓወር ሰፕላይ ኬብል አይቀበልም። 8 ወይም 6 ፒን ነው ያለው። ለዚያ የሚሆን መቀየሪያ ኬብል ይሸጣል፤ ግን ለሞዴልሽ የሚስማማውን ማግኘት አለብሽ። ኬዙ ጠባቡ ዓይነት ከሆነ ደግሞ የፓወር ሰፕላዩ ቅርጽም የራሱ ነው፤ የገበያው አይገባበትም። ስለዚህ ፒኖቹን ቁጠሪ፣ ፎቶ አንሺ፣ ከዚያ ወደ ግዢ።

እኔ ብሆን ፓወር ሰፕላዩን ሳልነካ ከስሎቱ ኃይል ብቻ የሚሠራ ካርድ ነው የምፈልገው። ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ እና ጂቲኤክስ 1650 ሁለቱም 75 ዋት ናቸው። ከ1650 መካከል ግን አምራቹ ባለ 6 ፒን መሰኪያ የጨመረባቸው አሉ፤ የካርዱን ጎን የሚያሳይ ፎቶ ጠይቂ። ከሁሉም ደስ የሚለኝ በ2024 የወጣው አርቲኤክስ 3050 ባለ 6 ጊጋባይቱ ነው። 70 ዋት ብቻ ነው፣ ተጨማሪ ኬብል የማይፈልግ ሆኖ ይገኛል። እዚህ ላይ ጠንቀቅ በይ። ባለ 8 ጊጋባይቱ 3050 ስሙ አንድ ይሁን እንጂ 130 ዋት ነው፤ ኬብል ይፈልጋል። አንዳንድ ትናንሽ የቢሮ ማሽኖች ደግሞ ስሎታቸውን ከ75 ዋት በታች ይገድቡታል። የሞዴልሽን ማንዋል አውርደሽ የስሎቱን ዋት ተመልከቺ፤ አንድ ገጽ ነው፣ አይከብድም።

ቪዲዮ አቀናብራለሁ ስላልሽ ይህቺን በተለይ ላንቺ ልጨምር። ርካሽና ኃይል ቆጣቢ ስለሆኑ ሰው የሚመክራቸው ሁለት ካርዶች አሉ፤ ጂቲ 1030 እና አርኤክስ 6400። ሁለቱም ቪዲዮ ኤክስፖርት ሲደረግ (የተቀናበረው ወደ አንድ ፋይል ሲወጣ) ሥራውን የሚያፋጥነው ክፍል የላቸውም። ማለትም ኤክስፖርቱን ተመልሶ ፕሮሰሰርሽ ነው የሚሠራው። 6400 በዚያ ላይ በአራት መስመር ብቻ የሚሠራ የአራተኛ ትውልድ ካርድ ነው፤ ያንቺ ሦስተኛ ትውልድ ላይ የመስመሩ ፍጥነት በግማሽ ይወርዳል፣ ጌም ላይ ይታወቃል። 1030 ደግሞ ዲዲአር 4 ሜሞሪ ያለው ስሪት አለ፤ ከጂዲዲአር 5ቱ በጣም ደካማ ነው። ስክሪን ላይ ምስል ማየት ብቻ ለሚፈልግ ሰው ይሆናሉ፤ ላንቺ ሥራ ግን አልመክርም። የኢንቴል አርክ ካርዶችንም ተያቸው። ሪሳይዘብል ባር የሚባል፣ ፕሮሰሰሩ የካርዱን ሜሞሪ ሙሉውን በአንዴ እንዲያገኝ የሚያደርግ ነገር በጣም ይፈልጋሉ፤ ያንቺ ዘመን ማሽን ደግሞ ያንን ይዞ አልወጣም።

ልኬቱን በግምት አትለፊው። ሜትር ያዢና ከኬዙ የኋላ ግድግዳ ጀምረሽ ፊት ለፊት እስካለው የዲስክ ማስቀመጫ ድረስ ለኪ። ባለ አንድ ፋን ካርዶች 17 ሴንቲ ሜትር ገደማ ናቸው፤ ባለ ሦስት ፋኖቹ 28 ይደርሳሉ። ውፍረቱም አለ። ብዙዎቹ የሁለት ስሎት ቦታ ስለሚይዙ ከታች የተሰካ ሌላ ካርድ ካለሽ መነሳቱ ነው። እኔ አንዴ ርዝመቱን ለክቼ በቃኝ ብዬ፣ ካርዱ የሳታ መሰኪያዎቹ ላይ ተኝቶ ዲስኬን መሰካት አቅቶኝ ያውቃል። ጫፉ የታጠፈ ኬብል ፈልጌ ነው የዳንኩት። ኬዝሽ ጠባብ ከሆነ አጭር ቁመት ያለውን ካርድ፣ ከኬዙ የኋላ ግድግዳ ጋር ከሚያስረው ከነአጭሩ ብረት፣ መጠየቅ አለብሽ። ያገለገለ ሲሸጥ አጭሩ ብረት ብዙ ጊዜ ጠፍቶ ነው የሚመጣው።

ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳው የማዘርቦርዱ ሶፍትዌር) ላይ ደግሞ የአጎቴ ልጅ ያየውን ልንገርሽ። የእሱ ኮምፒውተር ካንቺ ሦስት ዓመት ይቀድማል። ካርዱን ሰካን፣ ፋኑ ዞረ፣ ስክሪኑ ግን ጭልም። ተበላሸ ብለን ልንመልሰው ነበር። ተበላሸ ብለን ልንመልሰው ነበር። የዳነው ባዮሱን ስናድስ ነው። አሮጌ ባዮስ የአዲስ ካርድን መነሻ ሶፍትዌር ላያውቀው ይችላል። ያንቺ ማሽን ዩኢኤፍአይ (የባዮስ አዲሱ ዓይነት) የመጣበት ዘመን ስለሆነ ስጋቱ ትንሽ ነው። ሆኖም ካርዱን ከመግዛትሽ በፊት ከማሽኑ አምራች ገጽ የመጨረሻውን ባዮስ ጫኚ። በሚታደስበት ሰዓት ኤሌክትሪክ እንዳይቋረጥብሽ አደራ። ዊንዶውስ ውስጥ ሲስተም ኢንፎርሜሽን ስትከፍቺ «ባዮስ ሞድ» ጎን «ሌጋሲ» ካለሽ አትደንግጪ። ዊንዶውሱ በአሮጌው የባዮስ መንገድ ተጭኗል ማለት እንጂ ማዘርቦርዱ ዩኢኤፍአይ የለውም ማለት አይደለም። ዊንዶውሱ ባለ 32 ቢት ከሆነ ግን ወደ 64 መቀየርሽ አይቀርም፤ የጂቲኤክስና የአርቲኤክስ ካርዶች ባለቤት ኤንቪዲያ ለ32 ቢት አዲስ ድራይቨር (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባ ሶፍትዌር) ማውጣት ካቆመ ቆይቷል።

ሞኒተርሽን አልነገርሽንም። ሰማያዊዋ የቪጂኤ መሰኪያ ብቻ ያላት ከሆነች ካርዶቹ ያንን መውጫ አቁመዋል። አንዳንዱ ላይ ዲቪአይ ታያለሽ፤ ግን ጠፍጣፋዋን ቀዳዳ የሚከቡት አራት ትናንሽ ቀዳዳዎች ከሌሉ ቪጂኤ የሚሄድበት መስመር የለም። ተራው መቀየሪያ አይሠራም። በውስጡ ሲግናል የሚቀይር ቺፕ ያለው ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚወስድ መቀየሪያ ነው የሚያስፈልግሽ። ካርዱን ከሰካሽ በኋላም ሞኒተሩን ካርዱ ላይ ሰኪው፣ ማዘርቦርዱ ላይ አይደለም። ይህን ረስተው «ካርዱ አይሠራም» ያሉ ስንቶች ናቸው።

አንድ እውነት አለ፤ ሳልነግርሽ ባልፍ ቅር ይለኛል። ፕሮሰሰርሽ 4570 አራት ኮር፣ አራት ትሬድ ነው፤ በአንድ ጊዜ አራት ሥራ ብቻ ያካሂዳል። ብዙ ሥራ የሚጠይቁ አዳዲስ ጌሞች ላይ ካርዱ ቆሞ ፕሮሰሰሩን የሚጠብቅበት ጊዜ ይኖራል። 1660 ሱፐርን ሙሉ በሙሉ አትጠቀሚበትም፤ ለዚህም ነው ትንሹን ካርድ የምመክርሽ። ከሚተርፈው ገንዘብ ራሙን ወደ 16 አድርጊው። ሁለት እኩል ራም ጎን ለጎን ሲሆን ይሻላል። ቪዲዮ ስትቆርጪ መጀመሪያ የሚሰማሽ ለውጥ ምናልባት ከካርዱ ሳይሆን ከዚያ ነው።

ያገለገለ ስትገዢ በርቶ እያየሽው ይሁን። ጂፒዩ ዜድ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ክፈቺበት። ስሙ ተቀይሮ የተሸጠ የውሸት ካርድ ከሆነ ብዙ ጊዜ ይነቃበታል። የመስመሩን ፍጥነት ዝቅ አድርጎ ቢያሳይሽ ሥራ ፈትቶ ስለሆነ ነው፤ ጎኑ ያለውን የጥያቄ ምልክት ተጭነሽ ካርዱን ሥራ አስይዢውና እንደገና እዪ። የቆየውን ካርድ ከስሎት ስታወጪ ደግሞ ጫፉ ላይ ያለችውን ትንሽ መያዣ ሳትጫኚ አትሳቢ፤ ትሰበራለች።

አሁን ሦስት ነገር እዚህ ለጥፊልን፦ የፓወር ሰፕላዩን ወረቀት ፎቶ፣ ከእሱ ወጥተው ማዘርቦርዱ ላይ የተሰኩትን ኬብሎች ፎቶ፣ እና የለካሽውን ርዝመት። እስከዚያ ለ1660ው ቀብድ አትክፈዪ። ማታ ማታ ስለምገባ አይቼ እመልስልሻለሁ።